«አይሰማም!»፦ የአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት የድምፅ ሥራ በሐዋሳ

ይህ የጉዳይ ጥናት በሐዋሳ አንድ የወጣቶች ቡድን መድረክ ላይ ስላወጣው ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። በተለይ ስለ ድምፁ። ድርሰቱ ጥሩ ነበር። ተዋንያኑም ተወዛዋዦቹም ጎበዞች ነበሩ። ነገር ግን ቡድኑ ከልምምድ ክፍሉ ወጥቶ አዳራሽ ሲገባ ግማሹ ቃል ጠፋ። ዳንሱም ፈዘዘ። እኔ በድምፅ ሥራው ላይ ስለነበርኩ ምን እንደተደረገ በቅርብ አይቻለሁ። ችግሩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። አዳማም፣ ዲላም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው ትእዛዝም በየቦታው አንድ ነው፦ «ጨምረው!»

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትሸጥ እናት አለች። ልጇ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። እሷ ስልክ ትጠብቃለች። የመጀመሪያው ክፍል ድራማና ዘፈን ነው። መሃል ላይ የልጁ ጉዞ ይመጣል። እዚህ ንግግር የለም፤ ሁሉ ነገር በኮንቴምፖራሪ ዳንስ ነው የሚነገረው። ከዚያ ወደ እናትየው እንመለሳለን። አብዛኛው በአማርኛ ሲሆን አንዳንድ ዘፈኖችና መስመሮች በሲዳምኛ ናቸው።

ዘፈን፣ ውዝዋዜና ድራማ በአንድ መድረክ መቅረባቸው ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ የለመድነው ነው። ኮንቴምፖራሪ ዳንስ ግን ገና ወጣት ነው። እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 ከአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ጋር ከጀመረው ሥራ በኋላ ነው በደንብ ሥር መስደድ የጀመረው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ስናመጣ ከድምፅ አንጻር ምን እንደሚፈልጉ ተጽፎ የሚጠብቀን መመሪያ አልነበረም።

የነበረን ዕቃ ብዙ አይደለም። 12 መስመር ያለው ሚክሰር (የድምፅ መቀላቀያ)፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ከነመቆሚያቸው፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች፣ በእጅ የሚያዙ ሁለት ማይኮች፣ ኮሌታ ላይ የሚሰኩ አራት ገመድ አልባ ማይኮች፣ አንድ ላፕቶፕ። መሣሪያ የሚጫወቱት ከበሮ መቺው፣ ማሲንቆ ተጫዋቹና ክራር ተጫዋቿ በአካል መድረክ ላይ ናቸው።

አዳራሹ

አዳራሹ 30 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። ባጭሩ ድምፅ የሚጠጣ አንድም ነገር የለበትም።

በመጀመሪያው የአዳራሽ ልምምድ አዘጋጇ ኋላ ቆማ «አይሰማም!» አለች። ተጨመረ። አሁንም «አይሰማም!» አለች። እንደገና ሲጨመር ማይኩ ጮኸ። ሁሉም ጆሮውን ያዘ። አዘጋጇ ትክክል ነበረች፤ ቃሉ አይሰማም። ድምፁ ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተዋናይዋ ስትናገር ከፊሉ ድምፅ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይሄዳል። ቀሪው ግድግዳውን፣ ወለሉንና ጣሪያውን እየመታ ይመላለሳል። ሁለተኛው ቃል ሲመጣ የመጀመሪያው ገና አልሞተም። ስፒከሩ ሲጨመር ሁለቱም እኩል ይጨምራሉ፤ ቀጥታው ድምፅም፣ ማሚቶውም። ጩኸቱ በዛ እንጂ ቃሉ አልጠራም። ደግሞም ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ያህል ኃይል ይፈልጋል። የኛ ስፒከሮች ያንን የሚችሉ አልነበሩም።

ለአማርኛ ደግሞ ይህ ይብሳል። እንደ «ት»ና «ቅ» ያለ ፊደል ሲጠብቅ ድምፁ አፍ ውስጥ ለቅጽበት ይታፈናል፤ ከዚያ ይለቀቃል። የማጥበቁ ምልክት ያ የቅጽበት ዝምታ ነው። ማሚቶ ደግሞ የሚሞላው ዝምታን ነው። ስለዚህ ጠብቆ የተነገረው ከላላው ጋር ይምታታል፤ ተመልካቹ ቃሉን ከዐውዱ ለመገመት ይገደዳል። ሲዳምኛም ያጠብቃል፣ ያላላል፤ እዚያም ችግሩ ያው ነው።

ማሚቶው ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ ፊኛ አፈነዳን። በስልክ ቀዳነውና ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ አየን። ከ2 ሰከንድ በላይ ነበር። ለንግግር የሚመከረው 1 ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው።

ይህን ሥራ በሳይንስ መንገድ የጀመረው ዋላስ ሴይቢን የተባለ የሃርቫርድ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዩኒቨርሲቲው አንድ የማይሰማ የሌክቸር አዳራሽ እንዲያስተካክል ሰጠው። እዚያ አንድ ቃል ተነግሮ እስኪሞት 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆይ ነበር። ሴይቢን ከሌላ ቴአትር የወንበር ትራሶች እየተዋሰ በሌሊት ያስገባ ነበር። ትራስ በጨመረ ቁጥር በኦርጋን ቧንቧና በሰዓት መቁጠሪያ ይለካል። ያገኘው ሕግ ቀላል ነው፦ የአዳራሹ ስፋት ሲጨምር ማሚቶው ይረዝማል፤ ድምፅ የሚጠጣ ነገር ሲበዛ ያጥራል። ከ100 ዓመት በላይ ቢያልፍም ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ የለም።

እኛም ተዋስን። የቡድኑ አባላት ከየቤታቸው ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና ስስ ፍራሽ አመጡ። ጥያቄው የት ይሰቀል የሚለው ነበር። መልሱ የመጣው ካልጠበቅነው ቦታ ነው።

ዘፋኟ በልምምድ ክፍል ምት የማይስታት ልጅ ናት። አዳራሽ ስትገባ ግን መጎተት ጀመረች። ከማሲንቆው ጋር አልገጥም አለች። አንዳንዱ «ፈርታ ነው» አለ። እሷም ራሷን መጠራጠር ጀመረች። እውነቱ ከኋላው ግድግዳ ነበር። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከመድረክ ተነስቶ ኋላ ግድግዳ ደርሶ እስኪመለስ 60 ሜትር ነው። ይህ ወደ 175 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ይፈጃል። የራስን ድምፅ በዚህ ያህል መዘግየት መስማት ምላስን ያስራል። ሰው ሳያውቀው የተመለሰውን ድምፅ ለመጠበቅ ይዘገያል። ስለዚህ ብርድ ልብሶቹ በሙሉ ኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው ነው፤ ጨርቅ ከግድግዳ ራቅ ሲል የበለጠ ድምፅ ይጠጣል። በማግስቱ ዘፋኟ ከማሲንቆው ጋር ገጠመች። አንድም ሰው ዘፈን አላስተማራትም።

ጨርቅ ግን ወፍራሙን ድምፅ አይዝም። የከበሮው ጉምታ እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ ከበሮው ማይክ ተነፈገው። ከበሮ መቺው በዕድሜ የሚበልጡን ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። «ለእኔማ ማይክ መቼም አስፈልጎኝ አያውቅም» አሉ።

ስፒከርና ማይክ

ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች መድረኩ ላይ ከተዋንያኑ ኋላ ቆመው ነበር። በብዙ ዝግጅት እንዲሁ ነው የሚደረገው፤ ማይክ የሚጮኸውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። ማይኩ ከስፒከሩ የወጣውን መልሶ ይሰማል፤ መልሶ ይልካል፤ ይዞራል። ስፒከሮቹን ከመድረኩ ጫፍ ወደ ፊት አወጣናቸው። ከፍ አድርገን አንገታቸውን ወደ ተመልካቹ ደፋነው። ባዶ ግድግዳ ላይ የሚጮህ ስፒከር ማሚቶ እንጂ ሌላ ነገር አይሠራም።

ሁለቱን ትንንሽ ስፒከሮች ከዋናዎቹ 15 ሜትር ራቅ አድርገን አዳራሹ መሃል ላይ፣ ግራና ቀኝ አቆምናቸው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ድምፅ ወዲያው ይደርሳል፤ ከመድረክ በአየር የሚመጣው 15 ሜትሩን ለመጨረስ 44 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ዝም ብለህ ከከፈትከው ኋላ የተቀመጠው ሰው እናትየዋ ከጎኑ የተናገረች ይመስለዋል። ስለዚህ ትንንሾቹን በሚክሰሩ ወደ 55 ሚሊሰከንድ አዘገየናቸው። ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ ይከተላል፤ ከጥቂት ሚሊሰከንድ በኋላ የሚመጣውን ከመጀመሪያው ጋር ያዋህደዋል። ይህን ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 አጥንቶታል። ኋላ ያለው ተመልካች ቃሉን ከቅርብ ስፒከር ይሰማል። ጆሮው ግን ወደ መድረክ ያያል። በሙዚቃዊ ተውኔት ይህ ዋናው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ካልመጣ ሰው ታሪኩን ትቶ ስፒከር ያያል።

የኮሌታ ማይኮቹን ኮሌታ ላይ አላደረግናቸውም። ተዋናይ አንገቱን ሲያዞር ኮሌታው አብሮ አይዞርም፤ ድምፁ ይጠፋል። በትልልቅ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ማይክ የሚደረገው ግንባር ላይ፣ ፀጉር የሚጀምርበት ቦታ ነው። ጭንቅላት የትም ቢዞር ከአፍ ያለው ርቀት አይለወጥም። የእኛ ሴቶች ሹሩባ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ገመዱ በጉንጉኑ ውስጥ ገብቶ በማጅራት በኩል ይወርዳል፤ ከሁለተኛው ረድፍ እንኳ አይታይም። ነጠላዋ ግን አስቸገረ። እናትየዋ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስትጎትት ማይኩ ይንኮሻኮሻል። አዘጋጇና ተዋናይዋ ተነጋግረው ነጠላውን ወደ ትከሻ አወረዱት።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመን ግን አንድ ልማድ ነው። የተከፈቱ ማይኮች በእጥፍ በጨመሩ ቁጥር ከመጮኹ በፊት ያለን ልክ በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ስለዚህ የሚናገረው ሰው ማይክ ብቻ ይከፈታል። ሌላው ይዘጋል። ይህ ማለት ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው ስክሪፕቱን እንደ ተዋንያኑ ማወቅ አለበት ማለት ነው። በየመስመሩ ጣቱ መንቀሳቀስ አለበት። የኛ ልጅ ስክሪፕቱን አትሞ በአራት ቀለም ቀባው፤ ለእያንዳንዱ ማይክ አንድ ቀለም። ልምምድ ሲኖር እሱም ይለማመዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማይክ የጮኸው ዘማሪዎቹ በአንድነት ሲገቡ ብቻ ነው። እነሱንም ማይክ ከለከልናቸው፤ ለዘማሪ ቡድን ድምፃቸው በቂ ነበር።

ሁለት ስፒከር፣ ሁለት ጥያቄ

ዋናው ጭቅጭቅ የመጣው በዳንሱ ነው። ኮሪዮግራፈሩ ዳንሱን የሠራው በላፕቶፕ በተቀናበረ ትራክ ነበር። ወፍራም ቢት ያለው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማያቋርጥ። በልምምድ ክፍል ሲሰማ አሪፍ ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ስፒከሮቹ ወደ ተመልካች ዞረዋል። ተወዛዋዦቹ ከኋላቸው ናቸው። የሚደርሳቸው ጉምታው ብቻ ነው፤ እሱም ከግድግዳ ተመልሶ። ፊት ያሉት አንድ ላይ ሲወርዱ ኋላ ያሉት ትንሽ ይዘገያሉ።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ሞኒተር የሚባሉ፣ ወደ መድረኩ የሚዞሩ ስፒከሮች ናቸው። ያሉን ትንንሽ ስፒከሮች ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም አዳራሹ መሃል ቃል እያደረሱ ነው። ኮሪዮግራፈሩ ወደ መድረክ ይምጡልኝ አለ። አዘጋጇ አይነኩም አለች።

«ትራኩ ካልተሰማን በምን እንሄዳለን?»

«ኋላ ያለው ሰው ካልሰማኝ ለማን ነው የምሠራው?»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሌላ ስፒከር የመከራየት ሐሳብ ተነሳ፤ ገንዘብ አልነበረም። ጋሼ ዳር ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጆቼ፣ እግራችሁን ስሙታ» አሉ።

እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ግን መንገዱ ከዚያ ተከፈተ። ኮሪዮግራፈሩ የዳንስ ሰው የመርስ ካኒንግሃምንና የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅን ሥራ በቪዲዮ ያየ ልጅ ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን ሙዚቃና ዳንስ አንዱ አንዱን ሳይከተል ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ ይሉ ነበር። ተወዛዋዦቻቸው ብዙ ጊዜ ሙዚቃውን መጀመሪያ የሚሰሙት በትርዒቱ ዕለት ነበር። ጊዜውን የሚይዙት በሙዚቃ ሳይሆን በልምምድና በሰዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ላይ ባቀረቡት አንድ ሥራ ደግሞ መድረኩ ላይ አንቴናና ብርሃን የሚያነቡ መሣሪያዎች ተክለው የተወዛዋዦቹ እንቅስቃሴ ራሱ ድምፁን እንዲቀሰቅስ አድርገዋል። አንቴናዎቹን የሠራው በሲንተሳይዘር የሚታወቀው ሮበርት ሙግ ነው።

ኮሪዮግራፈሩ ይህን ሲያነሳ አዘጋጇ ወዲያው አልተቀበለችም። «የፈረንጅ ሙከራ እናቴ አይገባትም» ነበር ያለችው። ጥሩ ተቃውሞ ነው። ግን ያንን ሐሳብ ለመረዳት ኒው ዮርክ መሄድ አያስፈልግም። ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ቄጣላ የሚባለውን ባህላዊ ዘፈንና ውዝዋዜ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስፒከር የለም፣ ትራክ የለም። ድምፁ የሚመጣው ከሚንቀሳቀሱት ሰዎች ከራሳቸው ነው። ፍቼ ጨምበላላን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። እስክስታም እንዲሁ ነው። ትከሻው ሲወርድ የሚወጣው ትንፋሽ ራሱ ምት ነው። ዘፈኑን ብታጠፋው እንኳ ይሰማል። ቡድኑ ቄጣላን መድረክ ላይ ላለመቅዳት ተስማማ፤ የሽማግሌዎች ነገር ነውና። የወሰደው መርሑን ብቻ ነው፤ አካል የራሱን ድምፅ ይዞ ይምጣ።

ትራኩ ተተወ። ተወዛዋዦቹ ሞኒተር አላስፈለጋቸውም። ስፒከሮቹም ከቦታቸው አልተነኩም።

አዲስ ችግር መጣ። ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግር ድምፅ የለውም። ለጉልበትና ለቅልጥምም ጠንቅ ነው። ስለዚህ ከአናጺ ኮምፔንሳቶ ተገዛ። ከሥሩ ቀጫጭን ጣውላ ተመትቶ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አለ። እግር ሲያርፍበት መለስተኛ ጉምታ አገኘን። ተረከዝና የእግር ጣት የተለያየ ድምፅ ሰጡ። የመጎተት ድምፅም መጣ፤ ይህ ለስደት ጉዞ ወርቅ ነው። ግን ከአምስተኛው ረድፍ በኋላ አይሰማም።

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ጋ ሄደን ፒዞ ገዛን። ከድሮ ማንቂያ ደወል ውስጥ የሚወጣ ሳንቲም የሚያህል ቢጫ ብረት ነው። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ፒዞ አየር ላይ ያለን ድምፅ ብዙም አይሰማም። የተለጠፈበት ነገር ሲንቀጠቀጥ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ተዋናይ ቢናገር፣ ስፒከር ቢጮህ እምብዛም ግድ የለውም፤ ማይክ የሚጮህበት ዋናው ምክንያት ይቀንሳል። ሁለት ፒዞ ከገመድ ጋር በብየዳ ተያይዘው ኮምፔንሳቶው ሥር ተለጠፉ። ሚክሰሩ ላይ ለጊታር በተሠራው መግቢያ ሰካናቸው፤ በተራ የማይክ መግቢያ ድምፁ ቀጥኖ ይመጣል። መጀመሪያ የሰማነው ሳጥን የሚደበደብ የሚመስል ነገር ነው። መካከለኛውን ድምፅ ቀነስን። ከዚያ በጣም በዝግታ ከፍ አደረግነው። ልኩን ያገኘነው እንዲህ ነው፦ አዘጋጇ ኋላ ቆማ «አሁን ከእግራቸው ነው» እስክትል። ትንሽ ሲያልፍ «አሁን ከስፒከር ነው» ትላለች። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው።

ለትንፋሽ ማይክ አላሰርንላቸውም። በላብና በመንከባለል አንድ ቀን አይቆይም። አንዱን የእጅ ማይክ በታጠፈ ጨርቅ ላይ፣ ከኮምፔንሳቶው ፊት፣ ወለሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አስተኛነው። ወለል ላይ የተኛ ማይክ ቀጥታውንና ከወለል የነጠረውን ድምፅ በአንድ ቅጽበት ስለሚይዝ አቅሙ ይጨምራል።

የዳንሱ መጀመሪያ አሁን ምንም ድምፅ የለውም። መብራቱ ይወጣል፤ ልጁ ቆሟል። በመጀመሪያው ትርዒት ተመልካቹ ግራ ተጋባ። «ሳውንዱ ጠፋ እንዴ?» የሚል ድምፅ ከመሃል ሰማሁ። ወንበሮች ተንቋቁ። ከዚያ አንድ ተረከዝ ወደቀ። ቆይቶ ሌላ። የሰዎቹ ትንፋሽ እየከበደ ሄደ። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ሰው አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ መስማት ጀመረ። ድንበር የሚሻገሩበት ቦታ ላይ ጋሼ ከበሮውን አንድ ጊዜ መቱ። ማይክ የለውም፣ ስፒከር የለውም። ፊት ያሉ ሰዎች ከወንበራቸው ዘለሉ። በቀድሞው ትራክ አጠገብ ያ ምት ማንም ሳያስተውለው ያልፍ ነበር። ጆሮ ከቆየበት ዝምታ ሲወጣ ትንሹም ይበዛበታል።

የልጁ ስልክ

ልጁ በኢሞ ሲደውል ድምፁ መጀመሪያ የሚወጣው ከትልልቆቹ ስፒከሮች ነበር። እውነት ለመናገር ከሰማይ የሚናገር ይመስል ነበር። እናትየዋ ስልክ ይዛለች፤ ልጇ ግን አዳራሹን ሞልቶታል። ልብ አይነካም።

መዳፍ የምታህል የብሉቱዝ ስፒከር በነጠላዋ እጥፋት፣ ትከሻዋ አጠገብ ተደበቀች። ልጁን የሚጫወተው ተዋናይ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ የቀዳቸውን ዐረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ከስልኩ ይለቃል፤ እሷ ስትጨርስ እየጠበቀ። ከቀረጻው ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ቆረጥን። የድሮ ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ጆሯችን «ስልክ» ብሎ የሚያውቀው ያንን ነው። ግንባሯ ላይ ያለው ማይክ ደግሞ ትከሻዋ ላይ ያለውን ድምፅ ሳይጠየቅ ያነሳዋል። ኋላም በስሱ ደረሰ። ብሉቱዝ ድምፅን ያዘገያል፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ለዳንስ ሙዚቃ የማይሆነው ለዚህ ነው። ለዚህ ትዕይንት ግን ጠቀመ። ከውጭ የሚደወል ስልክ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ያቆማሉ፣ ደግሞ አንድ ላይ ይጀምራሉ። የተመልካቹ ሳቅና እንባ እዚያ ላይ ነበር። በየቤቱ ያለ ነገር ነዋ።

ዝናብና መብራት

የሐዋሳ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም አይናገርም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የዝናብ ዕቅድ ነበረን። ከዘነበ የስልኩ ትዕይንት ይዘለላል፤ እናትየዋ በምትኩ ከዘማሪዎቹ ጋር ትዘፍናለች። ዘፈን አናባቢውን አርዝሞ ስለሚይዝ ከንግግር ይልቅ ጩኸት መሃል ያልፋል።

በሁለተኛው ትርዒት ዘነበ፤ ልክ ስልኩ ሊደወል ሲል። አዘጋጇ ምልክት ሰጠች። ክራሩና ማሲንቆው ገቡ። ዘፈኑ ተሰማ። ነገር ግን ልጁ ድንበር መሻገሩ በቃል የሚነገረው በስልኩ ብቻ ነበር። እሱ ሲዘለል የመጨረሻው ትዕይንት ለብዙ ሰው አልገባም። ከበር ላይ ሲወጡ «ልጁ ምን ሆነ?» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ለሦስተኛው ትርዒት ደራሲው ያንን ዜና በዝናቡ ዘፈን ግጥም ውስጥ በሁለት ስንኝ አስገባው። ድምፅ ችግር ሲገጥመው ድርሰት የሚያድነው ጊዜ አለ። ይህ ግን የሚሆነው ደራሲውና የድምፅ ባለሙያው የሚነጋገሩ ከሆነ ነው።

መብራት በዝግጅቶቹ መሃል አልጠፋም። ጀነሬተሩን ግን ከአዳራሹ ኋላ፣ ከመድረኩ በጣም ርቆ አስቀምጠነው ነበር። ላፕቶፑም በባትሪ ይሠራ ነበር።

ላብ ግን አሸነፈን። የዘፋኟ ማይክ በሦስተኛው ትርዒት መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ግንባር ላይ ያለ ማይክ ቀዳዳው ላይ አንዲት የላብ ጠብታ ካረፈች ድምፁ ይታፈናል። ከአፍንጫ የሚናገር ሰው ይመስላል። ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ወዲያው የእጅ ማይክ ላከላት፤ እሷም የትዕይንቱ አካል አስመስላ ተቀበለችው። አሁን ከማይኩ በላይ በኩል ላብ የሚያግድ ትንሽ የፕላስተር ጠርዝ ይለጠፋል። ሻንጣ ውስጥም ሁልጊዜ አንድ ትርፍ አለ።

ከዚህ በኋላ

ቡድኑ ሥራውን ወደ ሐይቅ ዳር፣ ሜዳ ላይ ሊወስደው አስቧል። ብርድ ልብስ አያስፈልግም፤ ማሚቶ የለም። ግን ድምፁን የሚመልስ ግድግዳም የለም። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ነፋስ አለ፣ ባጃጅ አለ። ትንንሾቹ ስፒከሮች ከሁለት ወደ ሦስትና አራት ማደግ አለባቸው። ጋሼም ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

የአዲሱ ድርሰት ንባብ ሲጀመር ሚክሰሩ ላይ ያለው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ከተዋንያኑ ጋር እንዲቀመጥ ተወስኗል። ስክሪፕቱ በግራ በኩል ጠባብ ዐምድ አለው፤ በየትዕይንቱ ማን ይሰማል፣ ከየት ይሰማል፣ መቼ ዝም ይባላል የሚለው እዚያ ይጻፋል። የልጁ ስምም ፖስተሩ ላይ ይወጣል። የመጀመሪያው ፖስተር ላይ የመጋረጃ ሰቃዩ ስም ነበር፤ የእሱ አልነበረም። ይህ የኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ቶኒ ሽልማት ለድምፅ ዲዛይን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2014 ሰረዘው። ባለሙያዎቹ ተቃወሙ፤ በ2018 ተመለሰ። እኛ ለፖስተሩ ያን ያህል መጠበቅ አላስፈለገንም። አዘጋጇ ጠየቀች፣ ቡድኑ ተስማማ፤ ስሙ ከኮሪዮግራፈሩ ቀጥሎ ይጻፋል።